ድንጋይ ያልቆመበት መካነ ሥርዓት፦ ኦዳ ቡልቱም ከማያ ቤተ መቅደሶች አንጻር ሲታይ

ከጭሮ ተነሥቶ በቁኒ በኩል ወደ በደሳ የሚጓዝ ሰው በቡናና በጫት ማሳዎች መካከል ያልፋል። ከበደሳ ከተማ ብዙም በማይርቅ ስፍራ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ ሕግ ይደነገግበት፣ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍበት፣ ምርቃትና እርድ ይፈጸምበት የነበረ መካነ ጉባኤ ነው። በጭሮ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደውም ከዚሁ ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ በሥነ ቁፋሮ ልማድ የሠለጠነ ዐይን በዚያ ሲደርስ የሚለካው ነገር ያጣል። ከጥንት የቆመ ግንብ፣ የተጠረበ ደረጃ፣ ጽሕፈት የተቀረጸበት ሐውልት የለም። ያለው ዛፍ፣ ጥላና ሜዳ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚነሣው ከዚሁ እጦት ነው። ስለ ጥንታዊ መካናተ ሥርዓት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ምሳሌያቸውን የሚመርጡት በአብዛኛው ከግዙፍ ሕንጻዎች ነው፤ ከእነዚህም መካከል የማያ ፒራሚዳዊ ቤተ መቅደሶች ግንባር ቀደም ናቸው። ተማሪው እነርሱን አጥንቶ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚፈልገው አክሱምን፣ የሐን ወይም ላሊበላን የመሰለ ነገር ይሆናል፤ ኦዳ ቡልቱም ግን በባሕላዊ እምነትና ወግ ምዕራፍ ውስጥ በጥቂት መስመሮች ይታለፋል። ሁለቱ መካናት ተቀራራቢ ተግባር ይፈጽሙ ከነበረ፣ አንዱ ተራራ የሚያህል ድንጋይ ያስፈለገው፣ ሌላው ዛፍ የበቃው ለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በችሎታ ወይም በሀብት ልዩነት ሳይሆን፣ ሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ ሥልጣኑ የት ያድራል በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው ብዬ እሞግታለሁ። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የታሪክ ግንኙነት ነበረ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ንጽጽሩ የተግባር እንጂ የዝምድና አይደለም። ዓመታቱ፣ ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቀረቡ ናቸው።

ፒራሚዱ ምን ይሠራ ነበር?

የማያ ሕዝቦች ዛሬ ደቡብ ምሥራቅ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ቤሊዝና ምዕራብ ሆንዱራስ በሚባለው ምድር ታላላቅ ከተሞቻቸውን ያስፋፉት በተለይ ከ250 እስከ 900 ባለው ዘመን ነው። «ፒራሚድ» የሚለው ቃል አንባቢን ወደ ግብጽ ስለሚወስድ ጥንቃቄ ያሻዋል። የግብጹ ጫፉ የሾለና የተዘጋ ነው፤ የማያው ግን በእርከን እየተነባበረ የሚወጣ መሠረት ሆኖ ከፊቱ ቀጥ ያለ ደረጃ፣ ከአናቱም ቤተ መቅደስ አለው። በጽሑፎቻቸው እንዲህ ያለው ሕንጻ «ዊትዝ»፣ ማለትም ተራራ ይባላል። ሰው ሠራሽ ተራራ ነው፤ ዋሻውም በውስጡ ነው።

በቲካል የሚገኘው ቀዳማዊ ቤተ መቅደስ 47 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከሥሩ የተቀበረው በ682 ዙፋን ላይ የወጣው ንጉሥ ጃሳው ቻን ካዊል ነው። በዚህ ሁሉ ድንጋይ አናት ላይ ያሉት ክፍሎች ግን እጅግ ጠባብ ናቸው፤ ጥቂት ካህናትና ንጉሡ እንጂ ጉባኤ አይገባባቸውም። ታዲያ ሕዝቡ የት ነበር? ከታች፣ በአደባባዩ ላይ። ስለ ማያ ቤተ መቅደስ ሲጻፍ በቀላሉ የሚዘነጋው ነጥብ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ስፍራ ባዶ የተተወው መሬት ነበር፤ ድንጋዩ ያንን ባዶ መሬት የሚያጥር፣ ዐይንንም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመራ መድረክ ነበር። ፎቶግራፍ የሚነሣው ግን ሁልጊዜ ድንጋዩ ነው።

በፓሌንኬ የሚገኘው «የጽሑፎች ቤተ መቅደስ» ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። የሜክሲኮው አርኪኦሎጂስት አልቤርቶ ሩስ በወለሉ ላይ ቀዳዳዎች ያሉት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተውሎ ቢያስነሣው፣ ከሥሩ በፍርስራሽ የተሞላ ደረጃ ተገኘ። ያንን ጠርጎ ለመጨረስ በርካታ የቁፋሮ ወቅቶች ወሰደበት፤ በ1952 ከታችኛው ክፍል ሲደርስ ከ615 እስከ 683 የገዛውን የንጉሥ ፓካልን መቃብር አገኘ። ከመቃብሩ ተነሥቶ በደረጃው ጎን ወደ ላይኛው ቤተ መቅደስ የሚዘልቅ ጠባብ የድንጋይ ቱቦም ተገኝቷል። ቱቦው የተሠራው ሙቱ ንጉሥ ከሕያዋን ጋር እንዳይለያይ ነው ተብሎ ይተረጎማል። በዚህ አተረጓጎም ፓካል አልተሰናበተም፤ ልጁ ሥራውን ፈጽሞ በአባቱ አስከሬን ላይ ቆሞ ነገሠ። በሣርኮፋጉሱ ክዳን ላይ የተቀረጸው ምስል ደግሞ ለጨርጨር አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ከንጉሡ አካል በላይ ቅርንጫፉን ዘርግቶ የቆመ ታላቅ ዛፍ ነው። በማያ እምነት ከምድር በታች ያለውን፣ ምድርንና ሰማይን የሚያያይዘው የዓለም ዛፍ ነው፤ በዛሬዎቹ የማያ መንደሮችም ሴይባ የሚባለው ዛፍ ይህን ክብር እንደያዘ አለ። ድንጋዩ ዛፉን አላስቀረውም፤ በላዩ ላይ ሣለው እንጂ።

ሦስተኛው ምሳሌ በኮፓን ይገኛል። ንጉሥ ያሽ ፓሳህ በ776 ያስቀረጸው አራት ማዕዘን የድንጋይ መሠዊያ በአራቱ ጎኖቹ ላይ 16 ነገሥታትን በተርታ አስቀምጦ ያሳያል። በ426 ሥርወ መንግሥቱን የመሠረተው የመጀመሪያው ንጉሥ ከአሥራ ስድስተኛው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሥልጣን በትር ሲሰጠው ይታያል። በመካከላቸው ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል አለ፤ ቀራጩ ግን አጎራብቶ አስቀምጧቸዋል። መሠዊያው የቆመበት ፒራሚድም ራሱ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። በ1989 በውስጡ በተደረገ ቁፋሮ ቀለሙና ጌጡ እንዳለ የተቀበረ አሮጌ ቤተ መቅደስ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹም ሮዛሊላ ብለው ሰየሙት። ከእርሱ በታች ደግሞ ከሥርወ መንግሥቱ መጀመሪያ ዘመን የተረፉ ሕንጻዎችና መቃብሮች አሉ። አዲሱ ንጉሥ የአሮጌውን ሥራ አያፈርስም፤ ያለብሰዋል። ሕንጻው የሚያድገው ሥልጣን በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ እየተከማቸ ስለሚሄድ ነው።

ዘመንን በሥርዓት መቁጠር

እስካሁን የቀረቡት ምሳሌዎች የመቃብርና የዙፋን ናቸው። ይሁንና በቲካል ከዚህ የተለየ ዓይነት ግንባታም አለ። ተመራማሪዎች «መንታ ፒራሚድ» ይሉታል፤ በአንድ አደባባይ ምሥራቅና ምዕራብ ፊት ለፊት የቆሙ፣ በአራቱም ጎን ደረጃ ያላቸው፣ አናታቸው ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ቤተ መቅደስ የሌለባቸው ሁለት እርከናማ ሕንጻዎች ናቸው። በሰሜን በኩል የንጉሡን ሐውልትና መሠዊያ የያዘ አጥር፣ በደቡብ ዘጠኝ በር ያለው ረጅም ቤት ይገኛል። እነዚህ ግቢዎች የተሠሩት ካቱን የሚባለው የ7,200 ቀን ዘመን፣ ማለትም ከ20 ዓመት ጥቂት ያነሰ ጊዜ፣ ሲፈጸም በዓሉን ለማክበር ነበር። ዋና ሥራቸው ሙት ማኖር ሳይሆን ጊዜን መዝጋትና መክፈት ነው። ከስፔን ወረራ በኋላ በላቲን ፊደል የተጻፉት የዩካታን ማያ መጻሕፍትም ታሪክን የሚተርኩት በካቱን ተራ ነው፤ በዚህ ካቱን ይህ ሆነ፣ በሚቀጥለው ያ ሆነ እያሉ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን የትረካ ስልት ያውቀዋል። አባ ባሕርይ በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ በጻፈው ታሪክ ዘመኑን የቆጠረው በነገሥታት ብቻ ሳይሆን በሉባ ነው፤ ሜልባህ፣ ሙደና፣ ኪሎሌ፣ ቢፎሌ እያለ በየስምንት ዓመቱ የተፈራረቁትን ሹማምንተ ትውልድ ይዘረዝራል። ኢቱን ከባራይቱማ ነገዶች መካከል የሚጠቅሰውም በዚሁ ድርሰት ነው። ጸሐፊው ለሚጽፍለት ሕዝብ ወዳጅ አልነበረም፤ ጊዜውን ለመለካት ግን የዚያኑ ሕዝብ ሚዛን መዋስ ግድ ሆነበት። የገዳ ዑደት ለታሪክ መቁጠሪያነት የሚያገለግል መሆኑን የሚመሰክር፣ በውጭ ሰው የተጻፈ ቀዳሚ ሰነድ አለን ማለት ነው። አስመሮም ለገሠም በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናቱ የቦረና ሽማግሌዎች የቀደሙ አባ ገዳዎችን ስም በቃል እየቆጠሩ ወደ ኋላ ብዙ ትውልድ እንደሚዘልቁ አሳይቷል። ከኮፓን መሠዊያ ጋር ሲነጻጸር ስሙ በድንጋይ ፈንታ በአፍ ተጠብቋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። ስምንት ዓመት 2,920 ቀን ነው፤ አምስት የአጥቢያ ኮከብ ዑደቶችም እንዲሁ 2,920 ቀን ናቸው፤ ማያዎች ይህን ቁጥር በሰሌዳቸው አስፍረውታል። ገዳም በአምስት ወገኖች መካከል በስምንት ዓመት ይዞራል። ትጉህ ተማሪ አምስትና ስምንትን በሁለቱም በኩል ሲያይ ልቡ መነሣቱ አይቀርም። የገዳው አምስት ግን የሰዎች ወገን ቁጥር እንጂ የኮከብ ዑደት ቁጥር አይደለም። ቁጥር በራሱ ዝምድናን አይመሰክርም፤ እንዲህ ባለው መንገድ የተጀመሩ ብዙ የንጽጽር ጥናቶች መጨረሻቸው አላማረም።

በኦዳው ሥር

በኦሮሞ ትውፊት አምስት ታላላቅ ኦዳዎች ይጠራሉ፤ ኦዳ ነቤ፣ ኦዳ ሮባ፣ ኦዳ ቡልቱም፣ ኦዳ ቡሉቅና ኦዳ ቢሲል። ኦዳ ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆነ ጥላው ሰፊ ዛፍ ነው። ዛፉ አይመለክም፤ ጸሎቱ የሚቀርበው ለዋቃ ነው። በጥላው ሥር ጨፌ ይሰየማል፤ ሕጉ ይነበነባል፤ የተጣሱ ድንጋጌዎች ይመረመራሉ፤ አዲስ ይደነገጋል። ቡታ የሚባለው የእርድ በዓል የስምንት ዓመቱን መዞሪያ ያከብራል። ከዚያም ሥልጣን ላይ የነበረው ወገን ቦኩውን ለተረኛው ያስረክባል። አባት ገዳ በያዘ በ40ኛው ዓመት የልጁ ወገን ተራው ይደርሳል።

የሥርዓቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ከማያው ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ በትሩ፣ መሥዋዕቱ፣ የዘመኑ መዘጋት፣ የሕዝቡ በሜዳ መቆም በሁለቱም አሉ። ልዩነቱ ግን ከሁሉ የበለጠ ይናገራል። የኮፓኑ በትር ከመሥራቹ ወደ አሥራ ስድስተኛው ሲሻገር ከሥርወ መንግሥቱ አይወጣም። የገዳው ቦኩ ግን ከአንድ ወገን ወጥቶ ወደ ሌላው መሄዱ ግዴታ ነው፤ አባ ገዳው በሕይወት እያለ፣ በሕዝብ ፊት፣ አስረክቦ ወደ ሽምግልና መዓርግ ያልፋል። በሹመቱ የተቀበረ ስለሌለ በመቃብሩ ላይ የሚቆም ቤተ መቅደስ አያስፈልግም። እንዲያውም የአንድ አባ ገዳ ዘመን በድንጋይ ቢታተም ኖሮ የሚቀጥለው ወገን የሚቀመጥበት መሬት የቀደመው ሰው ርስት መምሰል በጀመረ ነበር። ባዶው መሬት የድህነት ምልክት አይደለም። ተረኛው ከቀደመው ጋር እኩል ሆኖ እንዲቀመጥ የሚያስችለው ባዶነቱ ነው።

እንግዲህ መለኪያ ይዞ የሄደው ተማሪ የግንዱን ዙሪያ ለክቶ መመለሱ የሚያስገርም አይሆንም። በዚያ ስፍራ ሕንጻ የሚባለው የሰዎች አቀማመጥ ነው። ማን ከማን ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ንግግሩን ማን ይከፍታል፤ ሽማግሌው ሲመርቅ ጉባኤው በምን ቃል ይቀበለዋል፤ እርጥብ ሣር ማን ይይዛል፤ ከየት አቅጣጫ ይገባል፤ እነዚህ እንደ እርከንና እንደ ደረጃ ተቆጥረው ሊነሡና ሊሣሉ የሚገባቸው ናቸው። በማያ ከተሞች ቆፋሪዎች ድንጋዩ ነበራቸው፤ የሥርዓቱን አፈጻጸም ግን ከሥዕልና ከጽሕፈት መገመት ነበረባቸው። በእኛ በኩል ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል።

የጨርጨር ድንጋዮች

ከላይ ያቀረብኩት ሐሳብ ከዚሁ ከጨርጨር ተራሮች በሚነሣ ተቃውሞ ይፈተናል። ምዕራብ ሐረርጌ ድንጋይ የማያቆም አገር አይደለምና። አባ አዛይስና ሻምባር በ1931 ባሳተሙት የጉዞና የቁፋሮ መጽሐፍ፣ ከእነርሱም በኋላ በ1970ዎቹ ሮዤ ዡሶም፣ በጨርጨርና በአካባቢው ሁለት ዓይነት የመቃብር ሥራዎችን አጥንተዋል። አንደኛው በጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ሣጥን የተገጠመ ጥንታዊ መቃብር ነው፤ ሁለተኛው ከእርሱ እጅግ ዘግይቶ፣ በመጀመሪያው ሺህ ዓመት ማብቂያ አካባቢ የተሠራ፣ በውስጡ ክፍል ያለው የድንጋይ ክምር ነው። ነዋሪው በአፋን ኦሮሞ «ደጋ ቱሊ»፣ የድንጋይ ቁልል ይለዋል፤ ሠሪዎቹም ሐርላዎች ናቸው ይላል። ከሰሜን ሸዋ ገደማ የተገኙት፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት የሚደርሱት የሻይ ባህል የሚባሉት ጉብታዎችም የዚህ ቅርብ ዘመዶች ይመስላሉ።

እነዚህ ቁልሎች ለሙት የተሠሩ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ድንጋይ ከአስከሬን ጋር ይሄዳል የሚለውን ሐሳብ ይደግፋሉ። ነገር ግን በውስጣቸው የሚገኘው የብዙ ሰዎች አጽም ነው፤ የአንድ ንጉሥ አይደለም። ስለዚህ ድንጋይ የሚያስነሣው ነገር ሁልጊዜ የገዢ አካል ነው ማለት አይቻልም፤ የአንድ ማኅበረሰብ ሙታን በጋራም ድንጋይ ይጠይቃሉ። የኮንሶ ልማድ ደግሞ ሐሳቤን በሌላ በኩል ያርመዋል። በኮንሶ እንደ ገዳ በትውልድ ተራ የሚሄድ ሥርዓት አለ፤ ሆኖም ትውልድ ሲሸጋገር በሞራ አደባባይ ረጅም የጽድ ግንድ ይተከላል፤ ድንጋይም ይቆማል። ተራ የሚጠብቅ ሥልጣን ምልክት አያቆምም ብል ኖሮ ኮንሶ ባፈረሰው ነበር። የኮንሶው ግንድ ግን የሚሠራው ቆጠራ ነው፤ ከአጠገቡ ለሚተከለው ቦታ ይተዋል፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ለቲካል መንታ ፒራሚዶች የሚቀርበው እንግዲህ ይህ ነው። የጸናው ልዩነት በድንጋይ መኖርና አለመኖር መካከል ሳይሆን፣ በሚደራረብ ምልክትና በሚደረደር ምልክት መካከል ያለው ነው። ኦዳ ቡልቱም በመደርደር በኩል የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ መደርደሩ በሰው ስምና በቃል ብቻ ተፈጽሟል።

ሥርዓቱ ሲቋረጥ

ድንጋይ ሥርዓትን አያድንም። ፓሌንኬ የመጨረሻውን ዓመተ ምሕረት የጻፈችው በ799 ነው፤ በኮፓን በ822 የተጀመረ መሠዊያ ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ ቲካል የመጨረሻ ሐውልቷን ያቆመችው በ869 ነው። ከዚያ በኋላ ዱር ዋጣቸው። ድንጋዩ ያዳነው ማስረጃውን ነው፤ ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ጽሕፈቱ ሲነበብ ነገሥታቱ በስማቸው ተመልሰዋል።

የኦዳ ቡልቱም መቋረጥ ግን ሌላ ዓይነት ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ የምኒልክ ሠራዊት ጨርጨርን ያዘ፤ በጥር 1887 የጨለንቆ ጦርነት ተደርጎ ሐረር ተያዘች። ከዚያ ወዲህ ዳኝነትና ግብር ወደ ከተሞች ሄደ፤ በኋላም አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ የአዲሱ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ጉባኤው ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ሲያጣ ስፍራው አልፈረሰም፤ የሚፈርስ ነገር አልነበረበትምና። በቅርብ ዓመታት የኦዳ ቡልቱም አባ ገዳዎች በአደባባይ ጉባኤ መምራት ጀምረዋል፤ የገዳ ሥርዓትም በ2016 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በቃል የተደረደረ መዝገብ እንዲህ ባለው መቋረጥ ውስጥ ክፍተቱ አይታይም። የተሰበረ ሐውልት ስብራቱን ያሳያል፤ የተዘነጋ ስም ግን መዘንጋቱን አይናገርም። በመቶ ዓመቱ ውስጥ የትኛው ወግ ሳይቋረጥ ቆየ፣ የትኛው ከቦረና ወይም ከጉጂ ተጠይቆ ተመለሰ፣ የትኛው አዲስ ተደነገገ ብሎ መለየት ዛሬ ያለው የተመራማሪ ሥራ ነው፤ ይህን መጠየቅም የሥርዓቱን እውነተኛነት መጠራጠር አይደለም። ሮዛሊላም በላዩዋ አዲስ ሕንጻ ስለለበሰች ሐሰተኛ አልሆነችም።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚዳሰስና የማይዳሰስ ብሎ ይከፍለዋል። ኦዳ ቡልቱም በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ዛፉና ሜዳው ይዳሰሳሉ፤ ዋጋቸውን የሚሰጣቸው ግን የማይዳሰሰው ነው። ዛፉን አጥሮ ሥርዓቱን መርሳትም፣ ሥርዓቱን በቪዲዮ ቀርጾ ሜዳውን ለእርሻና ለቤት መሥሪያ መልቀቅም በእኩል ደረጃ ጥፋት ነው። የሜዳው ስፋት ራሱ የሥርዓቱ አካል ነው፤ የኢቱ ጎሳዎች በየወገናቸው ሊቀመጡበት የሚችሉበት ስፋት ከሌለ የአቀማመጡ ቅደም ተከተል አብሮ ይጠፋል።

በጭሮና በበደሳ ለሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚቀርበው ሥራ እንግዲህ ከግንዱ ልኬት ይጀምር፤ በዚያ ግን አይቁም። ጉባኤ በሚደረግበት ቀን የሰዎች አቀማመጥ በካርታ ይነሣ፤ የመግቢያ መንገዶች ይመዝገቡ፤ በልዩ ልዩ ቀበሌዎች ካሉ ሽማግሌዎች የአባ ገዳዎች ዝርዝር ለየብቻ ተወስዶ ይተያይ። ዝርዝሮቹ የሚለያዩበት ነጥብ ከሚስማሙበት የበለጠ ጠቃሚ ይሆናል። አባ ባሕርይ የዘረዘራቸው የሉባ ስሞች በጎን ቢቀመጡ፣ የቃሉ መዝገብ የጽሑፉን መዝገብ የሚነካበት ቦታ የት እንደሆነ መታየት ይጀምራል።